ድፍርሱን ውሃ የደፋችው

ወሬው የደረሰኝ የአንዲት አዛውንት ሴት ተረከዝ እየፈገፈግሁ ሳለ ነው።

የምሠራው ኖርዌይ ውስጥ፣ ባሕር ጥግ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ረቡዕ ከቁርስ በኋላ የእግር ሰዓት ነው። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ እቀዳለሁ፣ እግራቸውን እዘፈዝፋለሁ፣ የራሰውን ደረቅ ቆዳ በድንጋይ ቀስ አድርጌ አነሳለሁ። ድንጋዩ እዚህ ገመድ ተበጅቶለት፣ በላስቲክ ታሽጎ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ዲላ ገበያ ማዳበሪያ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው ያው የእግር ድንጋይ ነው፤ ቀላል፣ ቀዳዳው የበዛ፣ ውሃ ላይ ሲጥሉት የሚንሳፈፍ። እዚህ መጥቶ ልብስ ለበሰ እንጂ ድንጋይነቱን አልተወም።

ስልኬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የሰው እግር ይዤ ስልክ አላነሳም። አንዱን እግር ጨርሼ፣ አድርቄ፣ ካልሲ አጥልቄላቸው፣ «አንድ አፍታ» ብዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። አክስቴ ከዲላ የድምፅ መልእክት ልካለች። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው፣ ታናሽ እህቴንም የምትጠብቃት እሷ ናት።

«ልጄ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ። የሞተ ሰው የለም፣ አትደንግጪ። ልጅቷ ናት። ፊቷ ተላጠ። ሁለቱም ጉንጯ። ያቺ ጸጉር ሠሪዋ ባለሳሎን ናት በድንጋይ ዱቄት ያሸቻት፤ ደግሞ አፏን ሞልታ በእናትሽ ሙያ ነው የሠራኋት ትላለች። ሰርጓ እንዴት እንደሚሆን እንጃ። አንቺ ብቻ ጸልዪ።»

ጸለይኩ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፌ። ግን አክስቴ የጠበቀችው ዓይነት ጸሎት አልነበረም። «ጌታ ሆይ፣ የዚያችን ሴት እጅ ያዝልኝ» አልኩ። ሲሰሙት ደግ ጸሎት ይመስላል። እሱ ግን ልብ ያያል፤ ሰባብርልኝ ለማለት አፍሬ እንደሆነ አላጣውም።

ተመልሼ ሁለተኛውን እግር ያዝኩ። አዛውንቷ «አይ!» ብለው እግራቸውን ሳብ አደረጉ። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ የሰው ቆዳ አሳምሜ አላውቅም ነበር። ድንጋዩን አስቀምጬ የቀረውን በለስላሳ ጨርቅ ጨረስኩላቸው።

ነገሩን የማያውቅ ሰው «ለመሆኑ ድንጋይ ፊት ላይ ምን አገባው?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የእናቴን ሥራ መናገር አለብኝ።

እናቴ በቡና ወቅት ይርጋጨፌ አካባቢ ባለ ቡና ማጠቢያ ትሠራ ነበር። ቀዩ ቡና ሲፈለፈል፣ ሲታጠብ፣ ተሰጥቶ ሲለቀም የዋለ እጅ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ጥፍር ሥር ይገባል፣ የመዳፍ ስንጥቅ ውስጥ ይተኛል፣ በሳሙና ንቅንቅ አይልም። ሴቶቹ በሥራ ቀን ግድ አልነበራቸውም። የሚያፍሩት እሑድ ነው። ዝማሬ ሲጀመርና ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ፣ እነሱ ክርናቸውን ጎናቸው ላይ አጣብቀው ጣታቸውን ነጠላ ውስጥ ይሸሽጋሉ። እናቴ ይህን ማየት አልቻለችም። «ጌታ የሰጠው እጅ፣ ጌታ ፊት ይደበቃል እንዴ?» አለች፤ ከዚያ የእግር ድንጋይ እየገዛች በሙቀጫ ትወቅጥ ጀመር።

የወቀጠችውን በወንፊት ትነፋዋለች። ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ ትበትነዋለች፣ ታማስለዋለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች። ሻካራው ቶሎ ይሰምጣል። ያን ጊዜ ከላይ ያለውን ድፍርስ ውሃ ቀስ አድርጋ ወደ ሌላ ሳፋ ትገለብጣለች። ታች የቀረው ለተረከዝ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ከድፍርሱ ውሃ ቆየት ብሎ የሚዘቅጠው ለእጅ ይሆናል። ከእሱም በላይ የቀረውን፣ ገና ወተት የመሰለውን ውሃ፣ እንደገና ትገለብጥና ታሳድረዋለች። ሲነጋ ሥሩ ላይ በጣት ሲነኩት እንደ ቅቤ የሚያንሸራትት ስስ ነገር አርፎ ይገኛል። እሱን ብቻ ነበር ከማር ጋር ለውሳ ለሙሽራ ፊት የምታደርገው። እሱንም አታሽም። በጣቷ ጫፍ አስቀምጣ፣ ትንሽ ቆይታ በውሃ ታወርደዋለች። አጥብቂልን የሚሏትን ሙሽሮች «ፊት ድስት አይደለም» ትላቸው ነበር።

እንግዲህ እኛ ያደግነው በእንሰት ነው። እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ የሚወጣው ውሃ ይጠራቀማል፣ ይተኛል፣ ላዩ ይደፋል፤ ከሥር ነጭ ሆኖ የሚቀረው ቡላ ነው፤ የእንሰት ምርጡ፣ ለአራስና ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው። የጌዴኦ ልጅ እጅ ማንም ሳያዝዘው የሚያውቀው ነገር ይህ ነው፤ ድፍርሱ ይደፋል፣ ሥሩ ይያዛል። የድንጋይ ሥራ ደግሞ ግልባጩ ነው። የሚፈለገው ድፍርሱ ነው። ሥር የሚቀረው ለዓይን ዱቄት ይመስላል እንጂ ለቆዳ ስባሪ ጠርሙስ ነው። ግቢያችን ውስጥ እናቴን ላግዝ ብሎ ሳፋ ያነሳ ልጅ ሁሉ ድፍርሱን ሊደፋ ይሄዳል፤ እናቴም ከጓዳ ትጮኻለች፦ «አንተ ልጅ! ተው! ይሄ ቡላ አይደለም!» አማርኛን የተማረችው ገበያ ውስጥ ስለሆነ ስትቆጣ ሴት ልጅም ወንድ ልጅም «አንተ» ነበርን።

ባለሳሎኗ ከነዚያ «አንተ» ከተባልነው አንዷ ናት። ጎረቤታችን ነበረች፣ እኩያዬ፣ ከእኛ ጋር ባንድ ትሪ በልታ ያደገች። ያን ጩኸት እኔ የሰማሁትን ያህል ሰምታለች።

አድጋ ሳሎን ከፈተች፤ ባጃጆች ከሚቆሙበት ፈቅ ብሎ። ጸጉር ትሠራለች፣ ሙሽራ ታሰማምራለች፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ከእህቴ ጋር መዘምራን ውስጥ ትቆማለች። ሰሞኑን ስልክ ላይ ሁሉ ነገር «ናቹራል» ሲሆን ጊዜ እሷም መስታወቷ ላይ «የተፈጥሮ ማዕድን ስክራብ፣ የእናቶች ጥበብ» የሚል ለጠፈች። የማን እናት እንደሆነች አልጻፈችም። የሙት ሙያ ጠያቂ የለውም።

እህቴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የምታገባው ልጅ የጨለለቅቱ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተዋውቆ፣ ሁሉ ነገር በወጉ ሄዷል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት በተከታታይ ሦስት እሑድ መድረክ ላይ ይነበባል፤ እነ እገሌ ሊጋቡ ነው፣ ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያስታውቅ ይባላል። የእህቴ ሁለት ጊዜ ተነቦ ነበር። ሦስተኛው እሑድ ሳይደርስ ነው ባለሳሎኗ «ለሙሽራዬ ከእኔ ስጦታ» ብላ የጠራቻት።

ከአክስቴ መልእክት በኋላ በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ሳሎኑ ውስጥ የነበረች ናት።

«ስሜን እንዳታነሺ» አለች፣ ገና ሰላም እንኳ ሳንባባል።

«አላነሳም።»

«ማይልኛ።»

«መሐላ አልምልም። አላነሳም ካልኩ አላነሳም።»

«ኧረ የእናትሽ ልጅ!» ብላ ሳቀችና ነገረችኝ። «ጠዋት ነው። ድንጋዩን ወፍጮ ቤት አስፈጭታዋለች፤ የሙቀጫ ዘመን አለፈ እያለች ታሾፋለች። ጸጉር የምናጥብበት ሳፋ ውስጥ በውሃ በተነችው። አማሰለችው። ውሃው ነጭ ሆነ። ትንሽ ቆየችና፣ እድፉ ይውጣለት ብላ ድፍርሱን ቱቦው ላይ ደፋችው። ከዚያ ሥር የቀረውን አሳየችን። እዩት፣ ቡላ አይመስልም? አለች። እኛም በይ ገንፎ አድርጊልን ብለን ሳቅን።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ከባሕሩ ማዶ፣ ያን ሁሉ አገር ተሻግሮ፣ የሳፋው ውሃ ቱቦው ውስጥ ሲንቦራጨቅ የሰማሁ መሰለኝ። ለሙሽራ የሚሆነውን ደፍታ የተረከዙን አስቀርታለች።

«አለሽ?» አለችኝ።

«አለሁ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ልጅቷን አጋደመቻት። ከማር ጋር ለወሰችውና አሸቻት። አስተሻሸቷ ደግሞ! ልጅቷ አቃጠለኝ አለች። ቻዪው፣ ውበት ሲገባ ያቃጥላል አለቻት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ እህቴ፣ እውነቴን ነው፣ አቃጠለኝ አለች። በዚህ ካለቀስሽ የሰርጉ ማታ ምን ልትሆኚ ነው? አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።»

«አንቺም ሳቅሽ?»

ከኋላዋ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ሁሉም ሲስቅ...» አለች።

እስከዚህ ያለውን ይቅር ማለት እችል ነበር። እውነቴን ነው። ስህተቱ እንሰት ሲፋቅ እያየ ባደገ እጅ ሁሉ ውስጥ ያለ ስህተት ነው። «እህቴ፣ እጄ አሳሳተኝ፤ የእናትሽን ጩኸት ረሳሁት» ብትል፣ ባንድ ስልክ ተላቅሰን ባበቃ ነበር። ከዚያች የኮሪደር ጸሎት በቀር፣ ስለ ስህተቷ አንድም ቀን ክፉ አልጸለይኩባትም። የጸለይኩባት ከዚያ በኋላ ስላደረገችው ነው።

እህቴ ጉንጯ ቅርፊት ሲይዝ አክስቴን አስከትላ ተመልሳ ሄደች። ባለሳሎኗ ደንበኞች ፊት ሻሿን ገለጥ አድርጋ አየቻትና፣ «ይሄማ የቆየ በሽታ ነው! እኔ ገለጥኩት እንጂ አላመጣሁትም» አለች።

አክስቴ፣ «የምን በሽታ? ትናንት ደኅና ልጅ አልሰጠሁሽም?» ብትላት፣

«የእናቷን እጅ አላየሽውም ነበር እንዴ? በዘር የሚሄድ ነው እኮ» አለቻት።

እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ የእጇ ቆዳ ነጣ ነጣ ብሎ ነበር። ስንት ወቅት ቡና ውሃ ውስጥ የዋለ፣ ስንት ማዳበሪያ ድንጋይ የወቀጠ እጅ ነው። ልትሞት ስትል ያዙኝ ያለችን እነዚያን እጆች ነው። ባለሳሎኗም ልጅ ሆና ከእነዚያ እጆች ጎርሳለች። አሁን አውጥታ የበሽታ ምስክር አደረገቻቸው።

ዲላ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል። ጨለለቅቱ በቡና መኪና ይድረስ በሞተር አላውቅም፣ ብቻ ወዲያው ደረሰ። የልጁ እናት፣ «ልጅቷን እንወዳታለን። ግን የዘር ነገር ነው፣ የልጅ ልጅ ነገር ነው፤ ትንሽ ይቆይ» ብለው ላኩ። እጮኛዋ ስደውልለት፣ «እኔ እኮ ምንም አላልኩም» አለኝ። ልክ ነው። ምንም አላለም። የእሱንም ቀን ጠብቄ አነሳበታለሁ፤ ተራው ስላልሆነ ነው ዛሬ የማልፈው።

አክስቴ ሐዋሳ ወስዳ ለቆዳ ሐኪም አሳየቻት። ሐኪሙ፣ ፍትጊያ ያቆሰለው ቆዳ ነው፣ በሽታ የለባትም፣ ጥቁረቱ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ፀሐይ ብቻ አታግኘው አላቸው። ይህ ለልጁ እናት ሲነገራቸው፣ «ታዲያ ሐኪም ሙሽራን ምን ሊላት ኖሯል?» አሉ።

በሦስተኛው እሑድ የሌሎች ተጋቢዎች ስም ተነበበ። የእህቴ ሲጠበቅ አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ ወረደ። ይህን ያየ ሰው ነው የነገረኝ። እህቴ መዘምራኑ መካከል ቆማ ነበር፣ በዚያው ፊቷ። መዝሙሩ ቀጠለ፤ እሷም ዘመረች። ከጎኗ ቆማ አብራት የዘመረችው ማን እንደሆነች ገምቱ።

በቪዲዮ ስደውልላት መጀመሪያ ነጠላዋን አልገልጥም አለች።

«እንዳየሽው እትዬ፣ ምንም አይደል።»

«አላየሁትም። ግለጪው።»

ገለጠች። በሥራዬ የተላጠ ቆዳ ብዙ አይቻለሁ፣ አልደነገጥኩም፤ ድምፄንም አልቀየርኩም። ቅቤ እንዳታደርጊ፣ ሎሚ እንዳታስጠጊ፣ ማንም መድኃኒት ነው ብሎ የሚሰጥሽን እንዳትቀቢ፣ ቫዝሊን ብቻ፣ ስትወጪ ጃንጥላ አልኳት። እንደ ሥራዬ ተናገርኳት።

«ይለቃል?» አለች።

«ይለቃል።»

«ሰው እየላከችብኝ ነው። ይቅር በያት ይሉኛል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ደክሞኛል እትዬ። ይቅር ብዬ ብገላገል...»

«በሽታ አለባት ያለችውን ውሸት ነው ሳትል? አይሆንም። እንዲህ አድርገሽ ይቅር ካልሽ፣ እኔ በሽተኛ ነኝ ብለሽ ፈረምሽላት ማለት ነው።»

ትኩር ብላ አየችኝና፣ «የተላጥኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አለች። ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ ቅርፊቱ አሳመማትና ጉንጯን ያዘች። ያን ሳቅና ያን አያያዝ ስራመድም፣ ስሠራም፣ ስጸልይም አየዋለሁ።

የመዘምራን እህቶች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ እኔንም ከሄድኩ በኋላ አላስወጡኝም። እዚያ ላይ ጻፍኩ። ስም ሳልጠራ፣ ሳልሳደብ፣ ስለ ድንጋይ ጻፍኩ፤ የትኛው ውሃ እንደሚያዝ፣ የትኛው እንደሚቀር፣ ሥሩ ፊት ላይ ቢታሽ ምን እንደሚያደርግ። ሰምቶ ልቡ የሚነካ አይጠፋም ብዬ ነበር። አንዷ «አሜን» አለች። አንዷ የተጣመሩ እጆች ምልክት ላከች። ሌላዋ ቀጥላ የመዘምራኑ ልብስ ጨርቅ መጥቷልና ልካችሁን ላኩ አለች። ባለሳሎኗም ግሩፑ ውስጥ አለች፤ በጻፍኩት ላይ ቀይ ልብ አስቀመጠችበት።

ከዚያ ለብቻዬ ድምፅ ላከችልኝ። «ውዷ እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ። ጠላት በመካከላችን ሊገባ ነው፣ አንፍቀድለት። እኔ እኮ የእናትሽ ልጅ ነኝ። ከተቻለሽ እዚያ የሚሸጥ ጥሩ ክሬም ላኪላት፤ እኔ ራሴ በነጻ እቀባታለሁ።»

በነጻ! ጠላት የምትለው ሰይጣንን ነው። ሰይጣን ብዙ ነገር አድርጓል፤ በዚያ ጠዋት ግን ሳፋውን የያዘው እሱ አልነበረም። «ክሬሙ ይቅርብሽ» ብቻ ብዬ መለስኩላት። ሌላ የጻፍኳቸው ብዙ መልሶች አሉ፤ ሁሉንም ጽፌ፣ አንብቤ፣ አጥፍቻቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ሳጠፋቸው አሳዝነውኛል፤ ጥሩ ተጽፈው ነበር።

በቀልን ለጌታ ተዪ ይሉኛል። አውቃለሁ፤ ከሚነግሩኝ ባልበልጥ እንኳ የእነሱን ያህል አንብቤዋለሁ። ትቼለታለሁም። ግን እሱ ሲበቀል በሰው አፍ መጠቀም እንደማይነውር ስለማምን፣ የትኛው አፍ እንደሚቀርበው እየጠቆምኩት ነው። ሳሎኗ እንዲዘጋ አልለምንም። ክፍት ይሁን፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ክፍት ይሁን። ደጅ ደጁን እያየች ትዋል። ከመስታወቷ ላይ «የእናቶች ጥበብ» የሚለውን በገዛ ጥፍሯ ስትፍቀው፣ ሙጫው አልለቅ ሲላት፣ መንገደኛ ቆሞ ሲያያት ማየት እፈልጋለሁ። ክፉ ሐሳብ ነው። አውቄዋለሁ። ተንበርክኬ ዓይኔን ስጨፍን ቀድሞ የሚመጣልኝ እሱ ነው፤ እሱም ቢሆን እንደ ሌላው ሐሳቤ ሁሉ ጌታ ፊት ተቀምጧል፤ የሸሸግሁት የለም።

ባለፈው ሳምንት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደወሉልኝ። እናቴን የቀበሩ፣ እኔም ስጠመቅ የቆሙ ሰው ናቸው። አባታችን ስለሌለ የቤተሰባችን ቃል የሚጠየቀው ከእኔ ነው።

«ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ። ብርዱ እንዴት ነው?»

«ይመስገን አባቴ፣ ተላምደናል።»

«ቅዳሜ እኔ ቤት ልንቀመጥ ነው። የልጁም ወገኖች ከጨለለቅቱ ይመጣሉ። ሴትዮዋ ይቅርታ ለመጠየቅ ፈቅዳለች።»

«ምን ብላ ነው የምትጠይቀው?»

«እንግዲህ... ካስቀየምኩ ብላ ነዋ።»

«ካስቀየምኩ ይቅርታ አይደለም አባቴ። አሸሁ፣ አቃጠለኝ ስትለኝ አላቆምኩም፣ በሽታ ያልኩት ውሸት ነው፣ እናቷንም በሐሰት አነሳሁ ትበል። የምትለውም እርስዎ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጣ አይደለም። የእህቴ ስም ሳይነበብ የቀረበት መድረክ ላይ ቆማ ነው።»

«ሕዝብ ፊት? ልጄ፣ እሷም እኮ አንገት አላት።»

«የእህቴ ሲደፋ የት ነበራችሁ?»

ሳላቸው መጣ። ውሃ ሲጠጡ ሰማሁ።

«ያ ሁሉ በረዶ ምላስሽን አላቀዘቀዘውም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ስሚኝ። እሷ በሽታ ነው ትላለች፣ አንቺ አይደለም ትያለሽ። አንቺ ደግሞ አልነበርሽም። ልጅቷም የራሷ ጉዳይ ነው ይሏታል። ያየ ሰው መጥቶ ይናገር። ከተናገረ፣ እኔ ራሴ እጇን ይዤ መድረክ ላይ አቆማታለሁ፤ የልጅቷም ስም በዚያው እሑድ ይነበባል፣ የልጁን ወገኖች ለእኔ ተዪ። የሚናገር ከጠፋ ግን፣ ካስቀየምኩ ይበቃል። ያን ጊዜ አንቺም አሜን ትያለሽ፣ ከእንግዲህም አታነሺውም። ትስማሚያለሽ?»

መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። ውጭው ግራጫ ነው፣ ባሕሩም ሰማዩም። አሜን የሚለው ቃል እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም። በዚያች አሜን እህቴ ዕድሜ ልኳን በሽታ የነበረባት ልጅ ሆና ትቀራለች፤ እናቴም በሽታውን ያወረሰች። ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ያሉትም ፍርድ ነው።

«እስማማለሁ» አልኩ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው በዚያን ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ ለነበራችሁት ነው። ስም አልጠራሁም፣ አልጠራምም፤ እናንተ ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠሽ የነበርሽው፣ ጆሮሽ ባይሰማ ዓይንሽ መስታወቱ ውስጥ ሁሉን አይቷል። ሹሩባ ስትጎነጉኚ የነበርሽው፣ እንጀራሽ ከእሷ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእኔ እህት ጋር ደግሞ ባንድ ወንበር የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ትቀመጫለሽ። የደወልሽልኝም፣ በስልክ ለእኔ የነገርሽኝ እውነት ለእኔ አይጠቅመኝም፤ እኔ ድሮም አምኜ ነበር።

ስለ ሳቃችሁ አልጠይቃችሁም። ስድብ ጨምሩልኝ፣ ክሰሷት፣ ክፉ ናት በሉልኝ አልልም፤ የስድቡ ድርሻ የእኔ ነው፣ ለማንም አላካፍልም። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። የትኛውን ውሃ ደፍታ የትኛውን እንዳስቀረች፣ ልጅቷ ስትገባ ጉንጯ ምን እንደሚመስል፣ ተጋድማ ምን እንዳለች፣ ምን ተብሎ እንደተመለሰላት። አማርኛው ሽማግሌ ፊት ከተንተባተበባችሁ በጌዴኦኛ ተናገሩ፤ ሁሉም ይሰሙታል። ብቻችሁን ከፈራችሁ ተያይዛችሁ ኑ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ ቅዳሜ ቀድማችሁ ግቡ። ከእሷ በኋላ የተናገረ ሁሉ መልስ ሰጪ ይመስላል። እኔ ደግሞ መልስ ሰጪዋ እሷ ሆና እንድትቀመጥ ነው የምፈልገው።